ሰፊ ቸርኬ ካስገባሁ ወዲህ የፊት ኩሽኔታ ሁለቴ ተበላብኝ፤ ሐሳብ ስጡኝ

የአዘዞ ልጅ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ነኝ፣ አዘዞ። መኪናዬ ቶዮታ ቪጎ ፒካፕ ናት፣ ባለ ፎር ዊል። ከገዛኋት 4 ዓመት ሆነኝ። እስካለፈው ጥምቀት ድረስ የኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ወይም ባለ ሮለር ቀለበት) ችግር የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

ለጥምቀት ሰሞን ቸርኬዋን፣ ጎማው የሚገባበትን ብረት፣ ቀየርኩ። የፋብሪካው ባለ 7 ኢንች ነበር፣ ጎማው 265/70 አር 16። አሁን ያለው ባለ 8 ኢንች ነው፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለ። ጎማው ደግሞ 285/75 አር 16፣ ከድሮው ሰፋም ረዘምም ያለ። እውነት ለመናገር መኪናዋ አማረች። ፒያሳ ላይ ሳቆማት ሰው ዞር ብሎ ያያታል።

ከ5 ወር በኋላ ወደ አይከል ስሄድ ከፊት በቀኝ በኩል ድምፅ መጣ። ሰፈሬ ለኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ አውሮፕላን የሚወርድ መስሎኝ ነበር። ከ60 ሳልፍ ይጀምራል፣ ሳበርድ ይጠፋል። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ኩሽኔታ ነው ተባለ፣ ተቀየረ። 4 ወር ሳይሞላው ያው ጎን ደገመው። እሱም ተቀየረ። አሁን ደግሞ ግራው ማጉረምረም ጀምሯል።

አንዱ ኩሽኔታው ኮፒ ነው ይለኛል። አንዱ የመተማ መንገድ ነው ይለኛል። ትናንት አንድ ልጅ ጎማዬን አይቶ «ቸርኬህ ነው የሚበላው» አለኝ። ቸርኬ እንዴት ነው ኩሽኔታ የሚበላው? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ባለ አይሱዙ | ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ቸርኬ ምን አገባው? ኩሽኔታው ነው እንጂ። ዛሬ ገበያ ላይ ሳጥኑን አይተህ አትለየውም። እኔ በአንድ ክረምት 3 ቀይሬያለሁ፣ ቸርኬዬ ግን ከመኪናው ጋር የመጣው ነው። ኦርጅናል ፈልገህ አስገባና ተገላገል።

የሰሜን ሾፌር | ማክሰኞ ማታ

ከመግዛትህ በፊት ግራው በእርግጥ ኩሽኔታ መሆኑን አረጋግጥ። ያ ጎማ ጥርሱ ትልቅ ከሆነ ራሱም አስፋልት ላይ ይጮኻል። እኔ ደባርቅ እንግዳ አመላልሳለሁ፣ በዚህ ተሸውጄ ጤነኛ ኩሽኔታ አስወልቄ አውቃለሁ።

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እየነዳህ መሪውን ቀስ አድርገህ ወደ ቀኝ ሳብ አድርግ። ያኔ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል። ድምፁ ከጨመረ የግራው ነው። ወደ ግራ ስትስብ ከጨመረ የቀኙ። መሪውን ብትስብም ምንም የማይቀየር ከሆነ ጎማህን ጠርጥር።

ከዚያ በክሪክ አንሳት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት (የጎማው ተሸካሚ መገጣጠሚያ) ነው። በግራና በቀኝ ይዘህ ስትነቀንቅ ብቻ ከሆነ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የማምነው በሞላው (በስፕሪንጉ) መፈተሽን ነው። አንድ እጅህን የሞላው ሽቦ ላይ አሳርፍ፣ ሌላ ሰው ጎማውን በእጁ ያሽከርክር። ኩሽኔታው ከተበላ አሸዋ የሚፈጭ ይመስል እጅህ ላይ ይሰማሃል። ጆሮህ ገና ምንም ሳይሰማ እጅህ ይነግርሃል።

የአዘዞ ልጅ | ረቡዕ ጠዋት

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ጠዋት ሞከርኩት። ወደ ቀኝ ስስብ ድምፁ ይጨምራል። ሞላው ላይም ተሰማኝ፣ ትንሽ ነው ግን አለ። የግራው ኩሽኔታ ነው።

የድሮ መካኒክ | ረቡዕ ማታ

ልጄ፣ ያ ልጅ የነገረህ እውነት ነው። በደንብ ላስረዳህ።

ድንጋይ በድጅኖ የፈነቀለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ድጅኖው በረዘመ ቁጥር ትልቅ ድንጋይ በትንሽ ጉልበት ይነሳል። ጎማህም ድጅኖ ነው። የሚፈነቅለው ኩሽኔታውን ነው።

ፋብሪካው መኪናውን ሲሠራ የጎማው መሃል የት ላይ እንደሚያርፍ አስቦ ነው። የመኪናው ክብደት ከኩሽኔታው ብዙ ሳይርቅ እንዲወርድ ያደርገዋል። ይህን የሚወስነው ኦፍሴት የምንለው ነገር ነው። ኦፍሴት ማለት የቸርኬው የስፋት መሃል እና ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የጎማው እምብርት) ላይ የሚለጠፍበት ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው። የሚለጠፈው ፊት ከመሃሉ ወደ ውጭ ከሆነ ፕላስ ይባላል፣ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ውስጥ ከሆነ ማይነስ ይባላል፣ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የቪጎ የፋብሪካው ቸርኬ ፕላስ 30 ሚሊ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ሰፋፊዎቹ ብዙ ጊዜ ዜሮ፣ ማይነስ 10፣ ማይነስ 20 ናቸው። ያንተ ማይነስ 20 ከሆነ የጎማህ መሃል ከነበረበት 5 ሳንቲም ወደ ውጭ ሸሽቷል።

5 ሳንቲም በዓይን ሲታይ ምንም አይደለም። የቪጎው ኩሽኔታ ግን በአንድ አካል ውስጥ ሁለት የኳስ ወይም የሮለር ረድፍ ያለው ነው፣ ረድፎቹም የተጠጋጉ ናቸው። እዚያ ውስጥ 5 ሳንቲም ሰፊ አገር ነው። ሁለቱ ተካፍለው ይሸከሙት የነበረው ክብደት ወደ ውጭኛው ረድፍ ይዞራል።

የድሮ መኪኖች ላይ ደግሞ ይብሳል። ሞዞው ውስጥ ለየብቻ ሁለት ኩሽኔታ አለ። ትልቁ በውስጥ በኩል፣ ትንሹ በውጭ በኩል ነው። ፋብሪካው ትልቁን ወደ ውስጥ ያደረገው ክብደቱ እዚያ ስለሚያርፍ ነው። ጎማውን ወደ ውጭ ስታወጣው ሸክሙን ለትንሹ ሰጠኸው ማለት ነው።

ጎማውን ማሳደግም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኩርባ ስትዞር መንገዱ ጎማውን ከታች ወደ ጎን ይገፋዋል። ግፊቱ የሚጀምረው ጎማው መሬት ከነካበት ነው፣ የሚያርፈው ሞዞው ላይ ነው። ጎማው በረዘመ ቁጥር ድጅኖው ይረዝማል። ሊማሊሞን ስትወርድ ስንት ኩርባ እንዳለ አስበው። እዚያ ላይ ፍሬኑ ይግላል፣ ሞዞውም አብሮ ይግላል፣ ግራሶውም ይቀጥናል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከቀኙ የወጣውን ኩሽኔታ ጣልከው ወይስ አለ? ካለ አትጣለው። ክፈተውና ሁለቱን ረድፍ እያነጻጸርክ እይ። ማን እንደገደለው ራሱ ይነግርሃል።

ባለ አይሱዙ | ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምናገረው። ግን ስንቱ መኪና ሰፊ ቸርኬ አድርጎ ይሄዳል እኮ! ሁሉም በ4 ወር አይበላም።

ማራኪ | ረቡዕ ሌሊት

እኔ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት፣ እዚሁ ጎንደር። ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላሳያችሁ።

ለስሌት እንዲመች አንድ የፊት ጎማ 600 ኪሎ ይሸከማል እንበል። ሁለቱ ረድፎች ሸክሙን የሚቀበሉባቸው ነጥቦች በ6 ሳንቲም ይራራቁ። የጎማው መሃል በሁለቱ መካከል ሲውል እያንዳንዱ 300 ኪሎ ይይዛል። አሁን ጎማውን 5 ሳንቲም ወደ ውጭ አውጡት። ከውጭኛው ረድፍ 2 ሳንቲም አልፎ ይሄዳል። ያኔ ውጭኛው 800 ኪሎ ይይዛል። የውስጠኛው ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ 200 ኪሎ ይሳባል። መኪናዋ ላይ አንድ ኪሎ እንኳ አልተጨመረም። አንዱ ረድፍ ግን ከ300 ወደ 800 ሄደ።

የኩሽኔታ ዕድሜ ደግሞ ከሸክሙ ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው። ባለ ኳሱ ሸክሙ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ባለ ሮለሩ ወደ አንድ አሥረኛ። ሸክሙ 20 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ የባለ ሮለሩ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ወንድሜ ባለ አይሱዙ፣ ያልከው ልክ ነው፣ ሁሉም በ4 ወር አይበላም። ፋብሪካው ለክፉ ቀን ትርፍ አቅም ይተዋል። አንዱ ሰው ሰፊ ቸርኬ አድርጎ ከተማ ውስጥ ብቻ ይነዳል፣ ያ ትርፍ ያኖረዋል። ሌላው መተማ ይመላለሳል፣ ኋላው ላይ ይጭናል፣ ጉድጓድ በ70 ይገባል። ለእሱ ትርፉ ቶሎ ያልቃል። ኮፒ ኩሽኔታ ከተጨመረበት ደግሞ መጀመሪያውኑ ትርፍ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም።

ጎሚስታ | ሐሙስ ጠዋት

እኔ አውቶፓርኮ አካባቢ ጎማ ነው የምሠራው። ሰው ቸርኬ ሲገዛ የቡሎኑን ቁጥርና የኢንቹን ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። 6 ቀዳዳ፣ 16 ኢንች፣ በቃ። ኦፍሴቱን የሚጠይቅ በወር አንድ ሰው ባገኝ ነው። ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። «ዜሮ ነው» ብሎ ይሸጥልሃል።

ስለዚህ ራስህ ለካው። መጀመሪያ ከኋላ በኩል እይ፣ አንዳንዱ ላይ ኢ.ቲ ብሎ የኦፍሴቱ ቁጥር ተቀርጿል። ከሌለ ጎማውን አስወልቅ። ቸርኬውን ፊቱን ወደ ታች አድርገህ ካርቶን ላይ አስተኛው። ቀጥ ያለ እንጨት ከጠርዝ ጠርዝ አጋድምበት። ከእንጨቱ እስከሚለጠፈው ፊት ድረስ በሜትር ለካ። ከዚያ የቸርኬውን ሙሉ ስፋት ከጠርዝ ጠርዝ ለካና ለሁለት ክፈለው። ጥልቀቱ ከግማሹ ከበለጠ ልዩነቱ ፕላስ ነው፣ ካነሰ ማይነስ ነው። ባለ 8 ኢንች የተባለ ቸርኬ ከጠርዝ ጠርዝ 9 ኢንች አካባቢ ስለሚመጣ አትደናገጥ። 8 የሚባለው ጎማው የሚቀመጥበት ነው።

ሌላም ልጨምር። ስፔሰር፣ ቸርኬውና ሞዞው መካከል የሚገባ ወፍራም ብረት፣ የሚያስገቡ አሉ። የፋብሪካው ቸርኬ ላይ 30 ሚሊ ስፔሰር ማስገባት ማለት ኦፍሴቱን ከፕላስ 30 ወደ ዜሮ ማውረድ ነው። ለኩሽኔታው ሰፊ ቸርኬ ከማስገባት ምንም ልዩነት የለውም። የመሃሉን ቀዳዳም አስተውሉ። የቪጎ ሞዞ 106 ሚሊ ነው፣ የሚመጣው ቸርኬ ግን 110 የሆነ ብዙ ነው። ያ ሲሆን ቸርኬውን መሃል ላይ የሚይዙት ዳዶዎቹ ብቻ ናቸው። ዳዶው ዙሪያውን በተራ ሳይሆን በመስቀል ካልታሰረ ቸርኬው ወደ አንድ ጎን ይቀመጣል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ባለ ፕራዶ | ሐሙስ ቀን

ሰፊ ቸርኬ ሁሉ መጥፎ ነው እንዳይባል ስለምፈራ ነው የምጽፈው። የእኔ ፕላስ 15 ነው፣ ጎማው 265/75 አር 16። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቼበታለሁ፣ ኩሽኔታ አልነካሁም። የደንቢያ ዋልካ ውስጥ በክረምት ስገባ ሰፋ ማለቱ ጠቅሞኛል። ሰፊ ጎማ በፋብሪካው ኦፍሴት ካስገባህ ደግሞ ከውስጥ በኩል ይነካካል። ትንሽ ማውጣት ግድ ነው። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው።

የድሮ መካኒክ | ሐሙስ ማታ

ባለ ፕራዶ ትክክል ነህ። ከፋብሪካው 10 እና 15 ሚሊ መውጣት የማያስተኛ ነገር አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ 50 ነው፣ በዚያ ላይ ትልቅ ጎማ።

የዋልካውን ነገር ካነሳህ ግን ሌላም ገዳይ አለ። ሞዞው ግሎ እያለ ወንዝ ውስጥ ከገባህ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ ውሃውን በሲሉ (ግራሶው እንዳይወጣ በሚዘጋው ላስቲክ) በኩል ይስበዋል። ግራሶው ወተት ይመስላል። ቢቻል ከመግባትህ በፊት 10 ደቂቃ አቁመህ አብርደው።

ያም ሆኖ እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ኩሽኔታ ሲሞት ያየሁት በመካኒክ እጅ ነው። በመዶሻ እየተመታ የሚገባ ኩሽኔታ ገና መንገድ ሳያይ ተጎድቷል። በፕሬስ ነው የሚገባው። ሞዞው ውስጥ ሲገባ የሚገፋው የውጭው ቀለበት ነው። በውስጠኛው ቀለበት ከተገፋ ጉልበቱ በኳሱ ወይም በሮለሩ በኩል ያልፍና መሄጃው ላይ ምልክት ይተዋል። የድሮዎቹ ላይ ደግሞ ኩሽኔታውን የሚይዘውን ዳዶ በመሮና በመዶሻ የሚያጠብቁ አሉ። ለቶዮታው ባለ 54 ቁልፍ አለው እኮ! እያሽከረከርክ አጥብቅ፣ መልሰህ አላላው፣ ከዚያ በስሱ አጥብቀህ ቆልፈው። ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ይነቃነቃል።

የአዘዞ ልጅ | ቅዳሜ ማታ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ዘግይቼ ነው፣ ይቅርታ።

የወጣው ኩሽኔታ ጋራዡ ውስጥ ብረት መጣያው ላይ ተገኘ። የእኔ ስለመሆኑ ሳጥኑም አብሮት ነበር። የውጭውን ቀለበት በግራይንደር ቆረጥነው። የውስጠኛው ረድፍ መሄጃ እንደ መስታወት ያበራል። ፊቴ ይታየኛል። ግራሶው እንኳ ቀለሙን አልለቀቀም፣ ማር ይመስላል። የውጭኛው ረድፍ ግን ሌላ ነው። ግራሶው ጠቁሯል፣ በጣቴ ሳሸው ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ዱቄት አለበት። ሳጸዳው መሄጃው በአንድ ወገን በኩል እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል። በጥፍሬ ስነካው ይይዘኛል። ዝገት የለም። ወተት የመሰለ ነገርም የለም። ሲሉ ደህና ነው።

ከዚያ ጎሚስታው እንዳለው ቸርኬውን ለካሁ። ሙሉ ስፋቱ 228 ሚሊ፣ ግማሹ 114። ጥልቀቱ 94። ማይነስ 20 ነው። ሲሸጡልኝ ዜሮ ነው ብለውኝ ነበር። የድሮውንም ከግቢ አውጥቼ ለካሁት። ስፋቱ 203፣ ጥልቀቱ 132፣ በግማሽ ሚሊ ይለያይ ይሆናል እንጂ ፕላስ 30 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቼ ሳያቸው ነው የገባኝ። 5 ሳንቲም ማለት የሦስት ጣቴ ስፋት ነው።

ማራኪ | ቅዳሜ ማታ

ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ውሃ ቢሆን ኖሮ ዝገት ወይም ወተት የመሰለ ግራሶ ይታይ ነበር። በአንድ ወገን ብቻ እንዲህ ቶሎ የተበሳሳ መሄጃ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ የተጫነ መሄጃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። የጎማህ ቁመት ከ777 ሚሊ ወደ 834 ሄዷል። የፍጥነት መቁጠሪያህ ይህን አያውቅም። 80 ሲያሳይህ አንተ ወደ 86 እየሄድክ ነው። ፍሬኑም ያው የድሮው ፍሬን ሆኖ ረጅሙን ጎማ ነው የሚያቆመው። እህትህ እንደሆንኩ ቁጠረውና ልንገርህ፣ ከኩሽኔታው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።

ባለ አይሱዙ | እሑድ ጠዋት

ፎቶውን በውስጥ መስመር ልኮልኝ አየሁት። እኔም ስለ ራሴ መኪና ማሰብ ጀመርኩ። ቸርኬዬ ኦርጅናል ነው፣ ታዲያ ለምን ያን ክረምት 3 በላ?

ጋሼ፣ የኋላው መንታ ጎማ ነው። ያን ክረምት የውስጠኛው ጎማ ቀስ እያለ ይተነፍስ ነበር። ሰሊጥ ጭኜ ስለምመላለስ እስክደርስ እያልኩ ዝም እለዋለሁ። የተበላው ሁልጊዜ በዚያ ጎን ነው። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የድሮ መካኒክ | እሑድ ከሰዓት

በሚገባ ይገናኛል ልጄ። መንታ ጎማ ላይ ሁለቱ እኩል ሲነፉ የክብደቱ መሃል በሁለቱ መካከል ነው። የውስጠኛው ሲተነፍስ ሸክሙን ሁሉ የውጭኛው ይይዛል። ቸርኬ ሳትቀይር ኦፍሴት ቀየርክ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት በመዶሻ መታ መታ አድርገህ ድምፁን አትስማ፣ በመለኪያ ለካው። የውስጠኛውን ሰው ስለማያየው ይረሳዋል።

የአዘዞ ልጅ | ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ማታ

የፋብሪካውን ቸርኬ መለስኩ። ጎማውን 265/75 አር 16 አደረግሁት፣ ከድሮው ትንሽ ከፍ ያለ ነው ግን አይነካካም። የግራው ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ፕሬሱ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ትናንት አይከል ደርሼ ተመለስኩ። 80 ላይ መስኮት ዘግቼ ሬዲዮ አጥፍቼ አዳመጥኩ። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። መሪውም ቀለለኝ፣ ጉድጓድ ላይ ከእጄ አይመነጭቅም።

ሰፊዎቹን ቸርኬዎች ሁለት ሰው ጠይቆኛል። የሁለቱም መኪና ቪጎ ነው። ማይነስ 20 መሆኑን ነገርኳቸው፣ አንደኛው ተወው። ሌላው እስከ ሰኞ አስቤ እደውላለሁ ብሏል። የተቆረጠውን ኩሽኔታ አሳየዋለሁ።

የድሮ መካኒክ | ዓርብ ማታ

ጎሽ። አዲሱ ኩሽኔታ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ አምጣት፣ ዳዶውን እንየው። የቀኙንም አብረን እንፈትሸዋለን፣ እሱም በሰፊው ቸርኬ ጥቂት ሄዷል።

የአዘዞ ልጅ | ዓርብ ማታ

እሺ ጋሼ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በርዎ ላይ ነኝ።